ጎንደሬና ጎጃሜ ሲተራረቡ፦ ቀልዱ የት ላይ ያበቃል?

ቆላ ድባ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ «ባሕር ዳር ልገባ ነው» ብትሉ፣ አንዱ «ጎጃሜ ልትሆን ነዋ!» ማለቱ አይቀርም። ሐይቁ አንድ፣ ቋንቋውም አንድ ነው። ግን ደምቢያ በጎንደር በኩል፣ ባሕር ዳር በጎጃም በኩል ነች። ተረቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምን ይባባላሉ?

ጎጃሜው ጎንደሬውን «ጉረኛ» ይለዋል፤ የፋሲልን ግንብ በገዛ እጁ የካበው ይመስል ይኮራል እያለ። ጎንደሬው ደግሞ ጎጃሜ ሰላምታው ሳይቀር ሰምና ወርቅ አለው ይላል። ኳስ ሲመጣማ ይብሳል! የዐፄዎቹ ደጋፊ የ2013ቱን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሳያነሳ፣ የጣና ሞገዶቹ ደጋፊም መልስ ሳይሰጥ አይለያዩም።

ተረቡ ከየት መጣ?

«የጎጃሜ ነገር ቅኔ ነው» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። እነ ዋሸራና ጎንጅ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ጎንደር ደግሞ በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ ትታወቃለች። ስለዚህ የጎንደሩ የቆሎ ተማሪ ለቅኔ ጎጃም ይወርዳል፤ የጎጃሙ ለአቋቋም ጎንደር ይመጣል። ሁለቱም ሲማሩ የኖሩት አንዱ በሌላው ደጃፍ ቁራሽ እየለመኑ ነው። የሚተራረቡት ስለሚተዋወቁ ነው።

ሁሌም ግን ቀልድ አልነበረም። በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ፣ በ1845 ዓ.ም.፣ የቋራው ካሣ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) እና የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ጉር አምባ ላይ ተዋግተው ጎሹ እዚያው ሞተዋል።

እኛ ብቻ ነን?

አይደለንም። ስዊድንና ዴንማርክ ለዘመናት ተዋግተዋል፤ ዛሬ በአነጋገር ይቀላለዳሉ። ኖርዌይና ስዊድን ደግሞ ይባስ ብለው አንድ ዓይነት ቀልድ ይጋራሉ፦ ኖርዌይ ውስጥ ሲነገር ሞኙ ስዊድናዊ ነው፤ ስዊድን ውስጥ ሲነገር ኖርዌያዊ ይሆናል። ስሙን መቀያየር ብቻ ነው።

መስመሩ የቱ ጋ ነው?

መለኪያው ይሄ ነው፦ የተተረበው ሰው መልሶ መተረብ ይችላል ወይ? «ጉረኛ» ለተባለ ጎንደሬ መልሱ ምላሱ ላይ ነው። «ቡዳ» የሚለው ቃል ግን ሌላ ነው። ይህ ስም ለዘመናት ሲለጠፍ የኖረው ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ በሚሠሩ፣ ሸክላ በሚያበጁ ሰዎችና በጎንደር ዙሪያ በነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው። በማረሻቸው እየታረሰ፣ በድስታቸው እየተበላ፣ ብዙዎቹ የመሬት ርስት አልነበራቸውም፤ በጋብቻም ይገለሉ ነበር። መልሰው የሚቀልዱበት ዕድል አልነበራቸውም። ስለዚህ ያ ተረብ አልነበረም።

ዛሬ ሻይ ቤት የተባለ ነገር ስልክ ላይ ሲወጣ ፈገግታው ይቀራል፤ ቃሉ ብቻውን ይሄዳል። «ጎጃሜ እንዲህ ነው»፣ «ጎንደሬ እንዲህ ነው» የሚል ፖስት ሼር ከማድረጋችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ይሄን ማዶ ላለው ጓደኛችን በስሙ ልንልክለት እንችላለን? ከቻልን ተረብ ነው፤ እሱም የራሱን ይላክልን። ካፈርን ግን እዚያው እናጥፋው።