ጥፍር ሥጋ ሲወጋ

ወደ ሥጋ የገባ ጥፍር የሚባለው የእግር ጥፍር ጠርዝ ከጎኑ ያለውን ቆዳ በስቶ ሲገባ የሚደርስ ጉዳት ነው። ከአሥሩ ጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቃው አውራ ጣት ነው። የተወጋው ሥጋ መጀመሪያ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ቀጥሎ መግል ይቋጥራል። ሳይታከም ሲቆይ ከጥፍሩ ጎን እርጥብ፣ ቀይና ቶሎ የሚደማ ትርፍ ሥጋ ይበቅልበታል። ሐኪሞችም ሕመሙን የሚከፍሉት በእነዚሁ 3 ደረጃዎች ነው። ሰው የሚገድል ስላልሆነ ከሕመም የሚቆጥረው ጥቂት ነው፤ ብርድ ልብሱ ጣቱን ሲነካው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ሕመሙ ምን ያህል እንደተናቀ ያውቃል።

በሰሜን ወሎ ላስታ እግሩን የታመመ ሰው ሥራ ፈት ነው። ማሳው ተዳፋት፣ ገበያው ሩቅ፣ ምንጩ ቁልቁል ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። የቅዳሜውን ገበያ የሚወጣ ገበሬ፣ አሸተን ማርያም ደርሶ የሚመለስ ምዕመን፣ እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ ሁሉም የሚሄዱት በድንጋያማ መንገድ ነው። ዳገቱ ትንፋሽ ይፈትናል፤ አውራ ጣትን የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ የሰውነት ክብደት እግሩን ወደ ጫማው አፍንጫ ይገፋዋል፤ ጥፍሩም በየእርምጃው ከጎኑ ካለው ሥጋ ጋር ይጋጫል። ዳገት ሲወጣ ምንም ያልተሰማው ሰው ሲወርድ የሚያነክሰው ለዚህ ነው።

መነሻዎቹ ብዙ አያከራክሩም፤ ጠባብ ጫማ፣ እንቅፋት፣ ላብ ያራሰው ቆዳ፣ ከወላጅ የተወረሰ ጎባጣ ጥፍር፣ የተሳሳተ የጥፍር አቆራረጥ። ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማ ርካሽና ጭቃ የማይበግረው ቢሆንም ላብ ስለሚይዝ፣ ልኩ ካልሆነም ጣት ስለሚጫን ለዚህ ሕመም ይመቻል። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶ ግን የጣቶቹን ፊት ክፍት ስለሚተው በዚህ ረገድ ከብዙ አዲስ ጫማ ይሻላል። የድሃ ጫማ ተብሎ መናቁ ተገቢ አይደለም።

ከመነሻዎቹ ሁሉ ይበልጥ በሰው እጅ ያለው፣ በስፋትም የሚሳሳቱበት፣ አቆራረጡ ነው። በገጠር ጥፍር የሚቆረጠው በአብዛኛው በምላጭ ነው። ምላጭ ስለታም በመሆኑ ጥግ ውስጥ ለመግባት ይመቻል፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የታመመው ሰው ጥጉ እንደወጋው ስለሚሰማው ጥጉን ገዝግዞ ያወጣዋል። ሕመሙ በዚያው ዕለት ይቀላል፤ ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት የዳነ ይመስላል። ከዚያ ካለፈው ብሶ ይመለሳል። እሱም ደግሞ ጠልቆ ይቆርጠዋል። ብዙ ሰው በዚህ ዓይነት ዓመታት ይገፋል፤ ጥፍሩ የተረገመ የሚመስለውም አለ።

ነገሩን ለመረዳት ጥፍር ከየት እንደሚያድግ ማወቅ ይበቃል። ጥፍር የሚያድገው ከሥሩ ብቻ ነው። ሥሩ ከጥፍሩ በስተኋላ በቆዳ ተሸፍኖ ይገኛል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ነጭ ግማሽ ክብ ሆኖ የሚታየው ቦታ የዚሁ ሥር ጫፍ ነው። ከሥሩ የወጣው ጥፍር ሕይወት የለውም፤ ከኋላው የሚበቅለው አዲስ ጥፍር ወደፊት ይገፋዋል እንጂ በራሱ አያድግም። የእግር ጥፍር በወር 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይረዝማል፤ የእጅ ጥፍር በዚያው ጊዜ እጥፍ ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የአውራ ጣት ጥፍር ከሥር እስከ ጫፍ ለመታደስ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ይወስድበታል። 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ የተቆረጠ ጥግም ወደ ቦታው ለመመለስ ከ3 ወር በላይ ያስፈልገዋል።

በነዚህ ወራት የሚሆነው እንዲህ ነው። ጥግ ላይ የነበረው ጥፍር ሲነሳ ያበጠው ሥጋ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል። ከኋላ የሚመጣው ጥፍር እንደገና ሲደርስ መንገዱን ሥጋ ዘግቶት ያገኘዋል፤ መቆም ስለማይችል ይወጋዋል። ከዚህ የከፋም አለ። ምላጩ የሚደርሰው ዓይን እስከሚያየው ድረስ ነው፤ ያበጠው ቆዳ የሸፈነው የጥፍሩ የታችኛው ጠርዝ ሳይቆረጥ ይቀራል። ከላይ ጥጉ የተወሰደ ሲመስል ከሥር ስለታም ስንጣሪ ተቀምጧል፤ ጥፍሩ በረዘመ ቁጥር ያ ስንጣሪ ወደፊት እየሄደ ሥጋውን ይቀድዳል። ሐኪም ጣቱን አደንዝዞ ሲከፍተው በብዛት የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ የፈጠረውን ስንጣሪ።

ሌላም የተስፋፋ እምነት አለ፤ በጥፍሩ ጫፍ መካከል ላይ ሹል ቀዳዳ ቢቆረጥ ጥፍሩ ክፍተቱን ለመሙላት ወደ መሐል ይሰበሰባል፣ ጠርዞቹም ከሥጋው ይወጣሉ የሚል። በብዙ አገር ይነገራል፤ በየትም አይሠራም። ጥፍር ጫፉ ላይ የተቆረጠውን አያውቅም፣ ወደ ጎንም አያድግም። ከሥሩ በምን ስፋት እንደወጣ በዚያው ስፋት ይሄዳል። በዚህ ዘዴ የሚገኘው ትርፍ ካልሲ የሚይዝ ሹል ጫፍ ብቻ ነው።

የመግሉም ነገር በአግባቡ መታየት አለበት። የገባው ጥፍር በእግር ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ እሾህ ነው፤ ሰውነት ሊያስወጣው ይታገላል፣ በተከፈተው ቆዳ በኩል ጀርም ይገባል፣ መግል ይከተላል። እሾሁ ሳይወጣ መግሉን ብቻ ማከም ሕመሙን ለጥቂት ቀን ከማብረድ አያልፍም። ታዲያ አሞክሳሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፣ የእንክብሉን ሽፋን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ተጋግሮ ቁስሉን ይደፍነዋል፤ መግሉ መውጫ ያጣል። መድኃኒቱ በዚህ መንገድ ወደሚፈለግበት ሥጋ በሚገባ አይደርስም፤ ጀርሞቹ ግን እየለመዱት ይሄዳሉ። ሐኪም የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ የሚያዘው ቅላቱ ከጣቱ አልፎ ሲሰፋ ወይም ሕመምተኛው ሌላ ሕመም ሲኖርበት ነው። የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ የተፈጨ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ክፍት ቁስል ላይ ቦታ የላቸውም።

ሕክምና እስኪገኝ ያለው ጊዜ በላስታ አጭር ላይሆን ይችላል። ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቁስል ማጠብና መምከር እንጂ ጥፍር ማውጣት ሥራቸው አይደለም። ጤና ጣቢያ ያለ ጤና መኮንን ማደንዘዣና መሣሪያ ካለው ሊሠራው ይችላል፤ ከሌለው ወደ ላሊበላ ሆስፒታል ይልካል። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ በጋሸና በኩል ወልድያ፣ ቀጥሎም ደሴ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። መንገድ በተዘጋ ቁጥርም ተራው ይረዝማል። ስለዚህ የመጠበቂያው እንክብካቤ የሕክምናው ግማሽ ነው ቢባል አልተጋነነም።

የእንክብካቤው መሠረት ለብ ያለ ውኃ ነው። እግሩ በቀን 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይነከራል። በግማሽ ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ቢጨመር መልካም ነው። ጨው ግን በዚህ መጠን ጀርም አይገድልም፤ ጥቅሙን የሚሰጠው ሙቀቱና ጊዜው ነው፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ መግሉ መንገድ ያገኛል። የምንጭ ወይም የወንዝ ውኃ ከሆነ ቀድሞ መፍላት አለበት። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ይገባል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ የሚለካው በክርን ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የሥጋ ደዌ እግሩን ያደነዘዘው ሰው በእግሩ ከለካው ሳያውቀው ይቃጠላል። ከተነከረ በኋላ እግሩ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ የዋለ ቆዳ ይላላል፣ ጥፍሩም በቀላሉ ይቀደዋል።

የላስታ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከመንገድ ለገባ እንግዳና ለአባወራ ማታ እግር ማጠብ የኖረ ወግ ነው። ታኅሣሥ 29 ለሚከበረው ልደት ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን ምዕመንም የላሊበላ ሰዎች እግሩን አጥበው ይቀበሉታል። ቀናትና ሳምንታት የተጓዘ እግር ብርሃን ላይ ወጥቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ቀልቶ ያበጠ ጣት ያየ አጣቢ አለሳልሶ ቢያጥብና ጤና ጣቢያውን ቢጠቁም ተጓዡን ከብዙ ስቃይ ያድነዋል። ጥፍሩን ልቁረጥልህ ማለት ግን የለበትም።

ቆዳው ሲለሰልስ የሚሠሩ 2 ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፕላስተር ነው። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ጠባብ ፕላስተር አንዱ ጫፉ ያበጠው ሥጋ ላይ፣ ከጥፍሩ ጠርዝ አጠገብ ይለጠፋል፤ ከዚያ ሥጋውን ከጥፍሩ እያራቀ ወደ ጎንና ወደ ታች ተስቦ በጣቱ ሆድ በኩል አግድም ይዞራል። ጣቱን እንደ ቀለበት መክበብ የለበትም፤ ደም ያግዳል። መግል ያረጠበው ቆዳ ላይ አይጣበቅምና ቦታው በደንብ ይደርቃል፣ በየቀኑም ይለወጣል። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ፣ የሚያውቀውም ጥቂት የሆነው ዘዴ ይህ ነው። ሁለተኛው ጥጥ ነው። በጣት የተፈተለች ቀጭን ንጹሕ ጥጥ በጥፍሩ ጥግ ሥር በቀስታ ትገባለች፤ ጥፍሩ ከሥጋው በላይ እንዲያልፍ ትይዘዋለች። ካላስገባ አይገፋም። መርፌም ሆነ ምላጭ አይረዳም።

ጫማው ክፍት መሆን አለበት፤ ሸበጥም ሆነ በረባሶ። የሜዳ አፈርና ፍግ እንዳይገባበት ቁስሉ በጎዝ ይሸፈናል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ስለሚወለቅ በጎዙ ላይ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ይደረጋል። ማኅሌትና ቅዳሴ የሚቆም ካህን ወይም ዲያቆን ረጅም ሰዓት መቆም እብጠቱን ስለሚያባብሰው ከቆመ በኋላ እግሩን ከልቡ ከፍ አድርጎ ቢተኛ ውጋቱ ይቀንስለታል። ለሕመሙ አዋቂ ሰው 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፣ ጉበቱን የታመመም አስቀድሞ ይጠይቅ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ አይወሰዱም። ከኅዳር 15 እስከ ገና ባለው ጾም እስከ ከሰዓት የሚጾም ሰው እነዚህን ማለዳ ውጦ ጨጓራውን ከሚያቆስል ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

ተራ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መታየት ያለበት ሰው አለ። ቅላቱ ወደ እግር ጀርባ የሰፋ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ የወጣበት፣ ትኩሳት የያዘው፣ በብሽሽቱ ንፍፊት የወጣበት፣ እንዲሁም ስኳር፣ የደም ዝውውር ችግር ወይም የተዳከመ የመከላከል አቅም ያለበት ሁሉ አይጠብቅም። ክትባቱን ያላገኘ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቅ፤ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይከተባሉ፣ አዋቂ ወንዶች ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋሉ። ከተከዜ በኩል ካለው ቆላ የመጣ ሰው ደግሞ በጥፍሩ ጥግ ነጭ እብጠት፣ መሐሉ ጥቁር ነጥብ ካየ ሙጀሌ ሊሆን ይችላል፤ አወጣጡ ሌላ ነው።

ሕክምናው ራሱ አጭር ነው። ከጣቱ ሥር በሁለቱም ጎን ማደንዘዣ ይወጋል፤ በሕክምናው ጊዜ የሚያመው ይህ ብቻ ነው። ጣቱ ሲደነዝዝ ሐኪሙ የገባውን ጎን ብቻ በቀጭኑ ከጫፍ እስከ ሥር ሰንጥቆ ይስበዋል። ጥፍሩን ሙሉ በሙሉ መንቀል ዛሬም አለ፤ ነገር ግን አዲሱ ጥፍር ሲበቅል ሕመሙ ብዙ ጊዜ አብሮ ስለሚመለስ ታካሚው ጎኑ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ቢጠይቅ ያስመሰግነዋል። ፊኖል ካለ የወጣው ጎን የነበረበት ሥር ይቀባል፤ ሥሩ ስለሚሞት ያ ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይበቅልም። ፊኖል በሌለበት ጠርዙ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጥጥና ፕላስተር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዘው ይጠብቁታል፣ ጥጉም ከሥጋው አልፎ እስኪታይ ድረስ ምላጭ አይነካውም።

የመጀመሪያው ፋሻ ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ይፈታል። ፊኖል የነካው ቦታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ድረስ ውኃ መሰል ፈሳሽ ያወጣል፤ መግል ነው ተብሎ መድኃኒት መፈለግ አያስፈልግም፣ በየቀኑ ታጥቦ ጎዙ ይለወጣል። ሕመም እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ ግን ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በጥቂት ቀን ሥራው ይገባል፤ በሬ የሚጠምድና ቁልቁለት የሚወርድ ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆያል።