ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ማሞቂያ

በበዓል ዋዜማ ከሾላ ገበያ የሚሸመተው ለጋ ቅቤ፣ ጎመንና የተበለተ ዶሮ ቤት ሲደርስ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። የፍሪጁ በር ላይ «ኖ ፍሮስት» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ብዙ ሰው በረዶ የማይሠራ ማሽን የገዛ ይመስለዋል። በረዶስ ይሠራል። ከዓይን ተሰውሮ ይሠራዋል፣ ራሱም መልሶ ያቀልጠዋል።

የበረዶው ምንጭ አየር ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የወጥ ቤቱ እርጥበት ይገባል፤ ያልተከደነ ወጥና ውሃው ያልተንጠፈጠፈ ጎመንም የራሳቸውን ይጨምራሉ። እንጦጦ በደመና ተሸፍኖ በሚከርምበት ወቅት ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ይህ እርጥበት የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚዞርበትን፣ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘውን ቱቦ ሲነካ አመዳይ ይሆናል። አመዳይ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀት እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ቱቦውን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ምግቡ ግን አይቀዘቅዝም።

የአሜሪካው ፍሪጂዴር በረዶ የማይዝ ፍሪጅ ብሎ ለገበያ ያቀረበው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ዓይነት ፍሪጅ ቱቦው ከዲፍሪዘሩ የጀርባ ግድግዳ ኋላ ተደብቋል። ፋን አየሩን በቱቦው መካከል እያሳለፈ ላይና ታች ይበትነዋል። ከቱቦው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተዘርግቷል። በቆዩት ፍሪጆች ሞተሩ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ያህል በሠራ ቁጥር ታይመሩ ሞተሩንና ፋኑን ያቆምና ማሞቂያውን ያበራል። ፋኑ መቆሙ ሙቀቱ ወደ ምግቡ እንዳይዛመት ነው። መብራት ሲጠፋ ይህ ታይመር ባለበት ይቆማል፤ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ሥራውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ተረክቦታል፤ አንዳንዱ በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ሳይቀር እየቆጠረ፣ ሳያስፈልግ አያሞቅም።

ማሞቂያው መቼ እንደሚበቃው የሚታወቅበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ ይደንቀኛል። አመዳይ እየቀለጠ ሳለ የሚያገኘው ሙቀት ሁሉ በማቅለጡ ላይ ይውላል፤ ስለዚህ አመዳዩ እስኪያልቅ ቱቦው ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ከፍ ማለት ከጀመረ አመዳዩ አልቋል ማለት ነው። ቱቦው ላይ የተቆነጠጠው ትንሽ ቴርሞስታት ይህንኑ ጠብቆ ማሞቂያውን ያጠፋል። የቀለጠው ውሃ በቀጭን ጎማ ወርዶ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ባለ ሳህን ይጠራቀምና በሞተሩ ሙቀት ይተናል።

ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። ላይኛው ክፍል በረዶ ሆኖ ታችኛው ሲሞቅ፣ ብዙ ጊዜ «ጋዙ አልቋል» ይባላል። ጋዝ ከማስሞላት በፊት የዲፍሪዘሩን የጀርባ ክዳን አስከፍቶ ማየት ይገባል። ቱቦው ሙሉ በሙሉ በአመዳይ ተደፍኖ ከተገኘ የሚጠረጠረው ማሞቂያው፣ ቴርሞስታቱ ወይም ታይመሩ ነው። አመዳዩ የያዘው ከቱቦው ጥቂቱን ብቻ ከሆነ ግን የጋዝ ማነስ ሊሆን ይችላል። ፍሪጁ ተነቅሎ በደንብ ከቀለጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት በርትቶ ሠርቶ እንደገና መስነፉም ወደ ማቅለጫው የሚጠቁም ምልክት ነው።

ኖ ፍሮስት ጉዳትም አለው። የሚዞረው አየር ደረቅ በመሆኑ ያልተሸፈነ ሥጋ ይጠወልጋል። ብዙዎቹ ፍሪጆች ላይና ታች አንድ አየር ስለሚጋሩ፣ ከታች የተቀመጠ ሽንኩርት ሽታው ከላይ ያለው ለጋ ቅቤ ላይ ያርፋል፤ ቅቤ ደግሞ ሽታ ቶሎ ይይዛል፣ በደንብ በሚገጥም ክዳን መዘጋት አለበት። ከላይ የሚከፈቱት ትልልቅ ዲፍሪዘሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ማቅለጫ የላቸውም። ማሞቂያ በየጊዜው ስለማይነካው፣ ለወራት የሚቀመጥ ሥጋ እዚያ የተሻለ ይቆያል። ባለቤቱ ግን በረዶው ሳይወፍር ሶኬቱን ነቅሎ ማቅለጥ አለበት፤ በቢላ መፈንቀል ቱቦውን ይበሳና ጋዙን በእርግጥ ያስጨርሳል።