ለስደተኛ የመጀመሪያው ማስረጃ የራሱ ቃል ነው

በታህሣሥ ወር 2006 ዓ.ም በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ የተቀሰቀሰው ግጭት ወደ ላይኛው ናይልና ጆንግሌይ ግዛቶች በመዛመቱ፣ በርካታ የአገሪቱ ዜጎች በፓጋክና በሌሎች የድንበር መግቢያዎች በኩል ወደ ጋምቤላ ክልል ገብተዋል። ከመካከላቸው አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ።

መኖሪያውን በድንገት ጥሎ የወጣ ሰው ማንነቱንም ሆነ የደረሰበትን በደል የሚያስረዳ ሰነድ ይዞ መምጣት እምብዛም አይቻለውም። በመሆኑም በተቀባዩ አገር ለሚደረግለት ጥበቃ ዋነኛ መነሻ የሚሆነው የራሱ ቃል ነው።

እ.ኤ.አ በ1951 የወጣው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ለጥቃት እዳረጋለሁ የሚል በቂ መሠረት ያለው ስጋት አድሮበት ከአገሩ የወጣን ሰው ነው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት ለብቻው የሚታይ አመልካች ለምን እንደወጣና ቢመለስ ምን እንደሚደርስበት ለጠያቂው ባለሙያ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ነገር ግን አሰቃቂ ሁኔታ ያሳለፈ ሰው ቀንና ቅደም ተከተል ሊያዛባ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ በ1979 ያዘጋጀው መመሪያም አጠቃላይ ቃሉ የሚታመን ሆኖ ሲገኝ ጥርጣሬው ለአመልካቹ ጥቅም እንዲተረጎም ይመክራል።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ በውጭ ወረራ ወይም የሕዝብን ሰላም ክፉኛ በሚያናጋ ሁኔታ ሳቢያ የሚሰደዱትንም በትርጓሜው አካትቷል። በዚህም ምክንያት ከጦርነት ሸሽተው በብዛት የሚገቡ ሰዎች በቡድን ዕውቅና ሊያገኙ ይችላሉ። ለደቡብ ሱዳናውያኑ የተሠራበትም ይኸው አካሄድ ነው። በዚህ አሠራር አንዲት እናት የባሏን አሟሟት በዝርዝር እንድታስረዳ ሳትገደድ ጥበቃ ታገኛለች።

ይሁን እንጂ የቡድን ዕውቅና የእያንዳንዱን ሰው ታሪክ መመዝገብን አያስቀርም። ለምሳሌ የጎረቤቱን ልጅ ይዞ ድንበር የተሻገረ ሰው፣ በርኅራኄም ቢሆን ልጁን የራሱ አድርጎ ካስመዘገበ፣ በሌላ መጠለያ የሚገኙ ወላጆች ልጃቸውን የማግኘት ዕድላቸው ይጠባል። ቀይ መስቀል የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልገው ከስም፣ ከትውልድ መንደርና ከተለያዩበት ሥፍራ በመነሣት ነውና። የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴትም በሰልፍ መካከል የማትናገረውን ለብቻዋ፣ በሴት ባለሙያና አስተርጓሚ ፊት ልትናገር ትችላለች። ሕክምናና ልዩ ድጋፍ የምታገኘውም ይህ ሲታወቅ ነው።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ ደግሞ በሕግ በተወሰነው መሠረት የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትና የልጁን ልደት የማስመዝገብ መብት አለው። እነዚህን መብቶች ለመጠቀም የሚያስችለው መታወቂያ የሚዘጋጀው በምዝገባው ዕለት በተሰጠው ቃል ላይ ተመሥርቶ በመሆኑ፣ ቃሉ በሚገባ ቋንቋ መጠየቁና ሳይዛባ መመዝገቡ ለስደተኛው ቀጣይ ሕይወት ወሳኝ ነው።