ተማሪዎችን ከአደንዛዥ ዕፅና ከአልኮል ለመጠበቅ «እምቢ በሉ» ማለት ብቻውን አይበቃም

ዓለም አቀፉ የፀረ-አደንዛዥ ዕፅ ቀን ሰኔ 19 በታሰበ ቁጥር ለተማሪዎች የሚተላለፈው መልእክት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ዕፅ ጎጂ መሆኑ ይነገራል፣ «እምቢ በሉ» የሚል ምክርም ይሰጣል። ቀኑ የሚውለው የትምህርት ዘመኑ ሊጠናቀቅ በተቃረበበት ወቅት በመሆኑ የሰሙትን በተግባር የሚለማመዱበት ጊዜ አይኖርም።

የዚህ ዓይነቱ አካሄድ ውጤት በሌሎች አገሮች ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ የተጀመረውና «ዴር» በሚል ስያሜ የሚታወቀው መርሐ ግብር የደንብ ልብስ የለበሱ ፖሊሶች በክፍል ተገኝተው እንዲያስተምሩ የሚያደርግ ሲሆን፣ በወላጆችና በአስተዳዳሪዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ይሁንና የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የረጅም ጊዜ ጥናቶችን መርምሮ፣ ትምህርቱን በወሰዱና ባልወሰዱ ተማሪዎች መካከል በዕፅ አጠቃቀም ረገድ ጉልህ ልዩነት እንዳልታየ ገልጿል።

ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። ታዳጊው የሚፈተነው ጉዳቱን ባለማወቁ ብቻ ሳይሆን «ሁሉም ያደርገዋል» ብሎ ስለሚያምን ጭምር ነው። ሃንሰንና ግራሃም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት ይህን የተሳሳተ ግምት ማረም፣ እምቢታን ብቻ ከማሠልጠን የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ከእኩዮቻቸው ምን ያህሉ እንደሚጠጡ ወይም እንደሚያጨሱ ይገምታሉ፣ የራሳቸውንም ይጽፋሉ፣ መምህሩም ሁለቱን አስልቶ ያነጻጽርላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ከእውነታው እጅግ የበለጠ ሆኖ ይገኛል። በእርግጥ ችግሩ ሥር በሰደደበት ትምህርት ቤት ይህ ዘዴ ተቃራኒ ውጤት ሊያስከትል ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻዋል።

ክህሎቱን ማለማመድም ቢሆን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጊልበርት ቦትቪን የቀረጹት የሕይወት ክህሎት ትምህርት በኒውዮርክ ግዛት 56 ትምህርት ቤቶች ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ተሰጥቶ፣ ውጤቱ ተማሪዎቹ 12ኛ ክፍል ሲደርሱም እንደቀጠለ እ.ኤ.አ. በ1995 ተዘግቧል። ትምህርቱ ውሳኔ መስጠትን፣ ጭንቀትን መቋቋምንና ከሰው ጋር መግባባትን ያካተተ ነው።

በአገራችን ልምምዱ የራሱ ፈተና አለው። የቀረበልንን መግፋት እንደ ነውር በሚቆጠርበት ባህል፣ «በሞቴ ቅመስ» ለሚል ዘመድ «እምቢ» ማለት ለልጅ ቀላል አይደለም። ጫትም በሕግ ያልተከለከለ ከመሆኑ ባሻገር «ለጥናት ይረዳል» ተብሎ በፈተና ሰሞን በጓደኛ ይቀርባል። ስለሆነም ተማሪው ጓደኛውን ሳያስቀይም፣ ታላቁንም ሳይደፍር የሚመልስበትን ቃል አስቀድሞ ሊለማመደው ይገባል፤ «ይቅርብኝ፣ አልለመደብኝም» ማለትን፣ ወሬ ማስቀየርን ወይም በሰበብ ተነሥቶ መሄድን። ለዚህም የተማሪ ክበባትና አጫጭር ድራማዎች ከመድረክ ንግግር የበለጠ ያገለግላሉ።

የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ጽሕፈት ቤትና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት መመዘኛም ማስፈራራትና የቀድሞ ተጠቃሚዎችን ምስክርነት ማሰማት ፋይዳ እንደሌላቸው፣ አንዳንዴም እንደሚጎዱ ያመለክታል። ክበባት እንግዳ ሲጋብዙ ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች አልኮልና የትምባሆ ምርት መሸጥን ይከለክላል። በትምህርት ቤት አጥር ዙሪያ ባሉ መሸጫዎች ይህን ማስከበር ግን የመምህሩ ሳይሆን የተቆጣጣሪ አካላትና የወረዳ አስተዳደሮች ሥራ ነው።