ውሻ በር ማስከፈትን እንዴት ይለምዳል?

በመንዝ ደጋ፣ በዘመሮና በአካባቢው፣ ውሻ የሚጠበቅበት ሥራ ቀላል አይደለም። ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ ወደ በጎች ጉረኖ፣ ሌባም ወደ ደጃፍ እንዳይደርስ ይጠብቃል። በግ ለመንዝ ገበሬ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ጠጉሩም ሀብቱ ነው፤ ባናና ዝተት የሚሠራው ከዚሁ ጠጉር ነውና። ስለዚህ የውሻ ጩኸት በቤተሰቡ ዘንድ የታወቀ ትርጉም አለው። «ተነሡ፣ አንድ ነገር መጥቷል» ማለት ነው።

የጎለመሰ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውጭ ያድራል። ቡችላ ግን የደጋው ውርጭ እንዳይጎዳው በቤት ውስጥ እንዲያድር ይደረጋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እስቲ አንድ ቤተሰብ እናስብ። ቡችላው ሽንቱ መጥቶ ይጮኻል፤ አባት ከሞቀ መኝታቸው ተነሥተው በሩን ይከፍቱለታል። በማግስቱም እንዲሁ ይሆናል። በሳምንቱ ቡችላው ሲጮኽ አባት «ይህ ደግሞ መውጣት አምሮት ነው» ብለው ይገላበጣሉ። በዚያች ሌሊት የመጣው ግን ጅብ ኖሮ፣ ሲነጋ ጉረኖው ተጥሶ አንዲት በግ ጎድላ ትገኛለች። ውሻው አልዋሸም፤ አባትም ሰነፍ አይደሉም። ጥፋቱ አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም እንዲይዝ መደረጉ ነው። እንግዲህ በር ለማስከፈት ከጩኸት የተለየ ምልክት ያስፈልጋል። ለዚህም በበሩ ላይ የሚንጠለጠል ቃጭል ተስማሚ ነው።

አንድ እንስሳ እንዲህ ያለውን ነገር ለመማር እንዴት ይችላል? ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1898 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። የተራበ ድመት በሩ በተቀረቀረ ሣጥን ውስጥ ያስገባና ምግቡን ከውጭ ያስቀምጥለታል። ድመቱ መጀመሪያ ይቧጥጣል፣ ይናከሳል፣ ይንፈራገጣል። በዚህ መካከል በአጋጣሚ ገመዱን ሲስብ ወይም ብልቱን ሲጫን በሩ ይከፈትለታል። ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር የማይጠቅመው መንፈራገጥ እየቀነሰ፣ ለመውጣት የሚፈጀውም ጊዜ እያጠረ ሄደ። ቶርንዳይክ ከዚህ ተነሥቶ፣ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት እየጠነከረ እንደሚሄድ አስረዳ። አበው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ የተናገሩት ለሚያበላ ስለ መወገን ቢሆንም፣ ለትምህርቱም ይስማማል፤ ውሻ ጥቅም ያገኘበትን ድርጊት ይደግማልና። መውጣት ለፈለገ ውሻ ደግሞ የበሩ መከፈት ራሱ ትልቅ ዋጋ ነው።

ማልመዱ የሚከናወነው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ ቡችላውን አስተውሉ። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላ በኋላና ከተጫወተ በኋላ መውጣት ይፈልጋል። መሬቱን ማነፍነፍ፣ በአንድ ቦታ መዞር፣ ወደ በሩ መመላለስ የዚሁ ምልክቶች ናቸው። ትንሽ ቡችላ ሽንቱን ለረጅም ሰዓት መያዝ እንደማይችልም አትዘንጉ።

ሁለተኛ፣ ከቃጭሉ ጋር አስተዋውቁት። ቃጭሉን በእጃችሁ ይዛችሁ አቅርቡለት፤ በአፍንጫው ሲነካው ወዲያውኑ ትንሽ የገብስ ቂጣ ቁራሽ ስጡት። ቁራሹ ከዘገየ ግን ቡችላው ዋጋውን ያገኘው በምን ምክንያት እንደ ሆነ አይገባውም። ድምፁ ቢያስፈራው ቃጭሉ ውስጥ ጨርቅ ወትፉበትና በሚቀጥሉት ቀናት ጥቂት በጥቂት አውጡት። ቃጭል ከሌለ ጠጠር የተጨመረበት ባዶ ቆርቆሮ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ቃጭሉን ከጓሳ ሣር በተገመደ ወይም በሌላ ገመድ አስራችሁ፣ የቡችላው አፍንጫ በሚደርስበት ከፍታ በበሩ ላይ አንጠልጥሉት። ከዚያ ወዲህ እርሱን ለማስወጣት በሩ በሚከፈትበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ ቃጭሉን ይንካ፤ እንደ ነካም በሩ ይከፈት። ወደ ተወሰነ አንድ ቦታ ወስዳችሁ ሽንቱን ሲጨርስ አመስግኑት።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ማንም ሳያዘው ራሱ ቃጭሉን ያንቃጭላል። ያን ጊዜ የያዛችሁትን ሥራ ትታችሁ ፈጥናችሁ ክፈቱለት። ትምህርቱ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በዚህች ሰዓት ነው። ስለዚህ ምልክቱን መማር ያለበት ውሻው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡም መማር አለበት። እናት ለቃጭሉ፣ ታላቅ ወንድም ለጩኸቱ፣ ታናሽ እኅት ደግሞ ለመቧጠጡ በሩን ከከፈቱ ውሻው ሦስቱንም ይለምዳል። ሁሉም ለአንዱ ምልክት ብቻ ከከፈቱ ግን አንዱን ይይዛል።

ብልህ ቡችላ ለጨዋታ መውጣት ሲያምረው ቃጭሉን መምታቱ አይቀርም። መፍትሔው ቃጭሉን መንፈግ አይደለም። ወደ ተለመደው ቦታ ውሰዱት፤ አታጫውቱት፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ምንም ካላደረገ መልሱት። ቃጭሉ ለጨዋታ እንደማያገለግል በራሱ ይረዳል። በቤት ውስጥ ሸንቶ ብታገኙትም አትምቱት፤ አፍንጫውንም በሽንቱ ላይ አታሹ። ካለፈ በኋላ የሚመጣ ቅጣት ከድርጊቱ ጋር ሳይሆን ከቀጪው ጋር ስለሚያያዝበት፣ የተመታ ቡችላ የሚማረው ከሰው ተሰውሮ መሽናትን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በር መክፈት ማለት ውሻን እንዲዞር መልቀቅ ማለት አይደለም። የሚዞር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቤት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል። ጉዳቱም በሰው ላይ ብቻ አይቆምም። በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አውሬ ነው። በባሌ ተራሮች በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 እና 2004 (እ.ኤ.አ.) ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ ወደ እነርሱ የሚተላለፈውም ከለማዳ ውሾች ነው። ስለዚህ ውሻችሁን አስከትቡ፤ ሲወጣም አብራችሁት ውጡ፤ ሲጨርስ መልሱት።

ቡችላው አድጎ ውጭ ማደር ሲጀምር የበሩ ቃጭል ሥራውን ይፈጽማል። እስከዚያ ግን በሌሊት ቃጭሉ ሲያንቃጭል ከቤተሰቡ አንዱ ተነሥቶ በሩን ይከፍታል፤ ሌሎቹም እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ። ውሻው ሲጮኽ ደግሞ ሁሉም ተነሥተው ወደ ጉረኖው ይሮጣሉ። ጩኸቱ የጥንት ትርጉሙን እንደ ያዘ ይኖራል ማለት ነው።

ከላይ እንዳያችሁት አስረጂ ድርሰት አንድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደሚሠራም ይገልጣል። እናንተም በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ አንድን እንስሳ ለሥራ የሚያለምድ ሰው ጠይቃችሁ፣ ለምሳሌ በሬን ለቀንበር ወይም በቅሎን ለኮርቻ፣ የማልመዱን ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።