የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎችና የመጪው ዘመን ተስፋ

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን አሸናፊ ሆኑ። ስለዚህ አዲስ የውድድር ዘመን በቀረበ ጊዜ ደጋፊዎቹ ዕድላቸውን ሲመዝኑ፣ ከፊሎቹ ያለፈውን ክብር ይቈጥራሉ፤ ከፊሎቹም የተጫዋቾቹን ጉልበትና የአሠልጣኙን ብልሃት ይመረምራሉ። የፊተኞቹ ፍቅር የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን የአባት ዝና ለልጅ ስንቅ ይሆናል እንጂ በእርሱ ፈንታ አይዘምትም። ዋንጫው አንድ፣ ፈላጊው ግን ብዙ ነው፤ በሁለት ሽንፈት አሠልጣኝን ማሰናበትም ሥር ያልሰደደ ተክልን እንደ መንቀል ይቈጠራል። እንግዲህ አስተዋይ ደጋፊ ውድድሩ ሳይጀመር ሊጠይቅ የሚገባው «እናሸንፋለን ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «ብንሸነፍስ እንታገሣለን ወይ?» ብሎም ነው።