የመኪናው የፍጥነት መለኪያ እውነት ይናገራልን?

በጎንደር ከተማም ሆነ በደጋው አገር፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ የምትገኙ አዲስ አንባቢዎች፣ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ወደ ሬዲዮው ቀረብ በሉ። ዛሬ ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩ ይበዛል። ማንበብና ማስላት መንገድ ላይ ሕይወት ሊያድን እንደሚችል አብረን እናያለን።

የንግግራችን ርዕስ የመኪና የፍጥነት መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?

መለኪያው ምንድን ነው?

በሾፌሩ ፊት ለፊት፣ ከመሪው በስተኋላ፣ ሰዓት የመሰለ ክብ ነገር አለ። ዙሪያውን 20፣ 40፣ 60፣ 80 እያለ ተጽፎበታል። መኪናው ሲሄድ ቀስቱ ይነሣል፤ ሲቆም ወደ ዜሮ ይመለሳል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ቀስት የለም፤ ቁጥሩ ብቻ በመብራት ይታያል። ቀስቱ 60 ላይ ቢቆም ትርጉሙ፣ «በዚሁ አካሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ ብንጓዝ 60 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን» ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ የሾፌሩ ጉዳይ አይደለም እንዴ? እኛን ተሳፋሪዎችን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ገበያውን እናስብ። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ በርበሬ ስትገዙ ዓይናችሁ ሚዛኑ ላይ ነው። ሚዛኑ ቢዋሽ የሚጎድለው ጥቂት በርበሬ ነው። የመኪናው መለኪያ ቢዋሽ ግን የሚጎድለው ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ዓይን ብቻውን አይበቃም

«እኔ ፍጥነቴን በዓይኔ አውቀዋለሁ» የሚል ሾፌር አለ። ነገር ግን ዓይን ይለምዳል። ለረጅም ጊዜ ፈጥኖ የነዳ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ ጥቂት ቢቀንስ እንኳ እጅግ ዝግ ያለ ይመስለዋል። በክረምት ደግሞ ደጋውን ጉም ይሸፍነዋል። በጉም ውስጥ ዛፉም ቤቱም በደንብ ስለማይታይ ፍጥነትን በዓይን መገመት ያስቸግራል። ፍጥነትን በልክ የምናውቀው በመለኪያ ነው። መለኪያው ራሱ ከተሳሳተስ? ሾፌሩ ደንብ ያከበረ እየመሰለው ይጥሳል።

ይህን በቁጥር እንየው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ 20 ሜትር ይሄዳል። ሕፃን ወይም በግ ድንገት መንገድ ቢገባ፣ ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። በዚያች ሴኮንድ መኪናው ገና መቆም አልጀመረም።

ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም ነገሩ ይብሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ፍጥነት ፍሬን ይዞ በ6 ሜትር የሚቆም መኪና በ60 ፍጥነት 24 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው።

መለኪያው እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው መለኪያው መንገዱን የሚለካ ይመስለዋል። መለኪያው ግን መንገዱን አያይም። የሚቆጥረው ጎማው የሚዞረውን ዙር ነው።

በቀድሞዎቹ መኪኖች ከካምቢዮው ተነሥቶ ወደ ሾፌሩ ፊት የሚመጣ ቀጭን የሽቦ ገመድ ነበረ። ጎማው ሲዞር ገመዱም ይዞራል። ገመዱ በመለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቱ በአጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ ሳይነካው ይስበዋል። ጽዋው አብሮት መዞር ይፈልጋል፤ ነገር ግን አንዲት ቀጭን ሞላ ይዛ ታስቀረዋለች። ማግኔቱ በፈጠነ ቁጥር ጽዋው ሞላዋን እየታገለ ይበልጥ ይዞራል። ቀስቱም ከጽዋው ጋር ስለተያያዘ ወደ ትልቁ ቁጥር ይሄዳል። ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 በስሙ ያስመዘገበው ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ብዙ ዘመን ተጠቅሞበታል። በዛሬዎቹ መኪኖች ግን ዙሩን የሚቆጥረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ቢሆንም ሁለቱም የሚቆጥሩት ያንኑ ዙር ነው።

ለምን ይሳሳታል?

አንደኛው ምክንያት ጎማ ነው። መለኪያው ሲሠራ ጎማው በአንድ ዙር ስንት ሜትር እንደሚሄድ ታስቦ ነው። ጎማው በአንድ ዙር 2 ሜትር የሚሄድ ነው እንበል። በ500 ዙር 1000 ሜትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አሁን ባለመኪናው ተለቅ ያለ ጎማ አስገባ እንበል። አዲሱ ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በ500 ዙር 1100 ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። መለኪያው ግን የጎማውን መለወጥ አያውቅም። 60 ሲያሳይ መኪናው በእውነት የሚሄደው 66 ነው። ትልቅ ጎማ መለኪያውን ፍጥነት ደባቂ ያደርገዋል።

ያለቀ ጎማ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። የጎማው ጥርስ ተበልቶ 6 ሚሊ ሜትር ቢያጥር በአንድ ዙር ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። መለኪያው ከእውነቱ ጥቂት ከፍ አድርጎ ያሳያል። «እንግዲያው ያለቀ ጎማ ይሻላል» እንዳትሉ! ያለቀ ጎማ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል።

ሁለተኛው ምክንያት እርጅና ነው። ገመዱ ይላላል ወይም ይበጠሳል፤ ሞላዋም ትደክማለች። ቀስቱ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዜሮ ላይ ተኝቶ የቀረ ከሆነ መለኪያው ታሟል።

ሦስተኛው ምክንያት ማይል ነው። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንድ መኪኖች የሚቆጥሩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማይል ነው። አንድ ማይል ከ1600 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በማይል 40 የሚል መለኪያ በኪሎ ሜትር 64 ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል።

ስሕተቱ ወደ የት ያጋድላል?

ብዙ አገሮች የሚከተሉት አንድ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ አለ፤ ቁጥሩ 39 ነው። ደንቡ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል። ከፍ አድርጎ ማሳየት ግን በልክ ይፈቀድለታል። ልኩ የእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛና ተጨማሪ 4 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በእውነት 60 ሲሄድ መለኪያው ከ60 እስከ 70 ድረስ ቢያሳይ በደንቡ ውስጥ ነው። 55 ቢያሳይ ግን ሐሰተኛ ምስክር ነው።

በድንጋይና በሰዓት እንመርምር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። መለኪያውን ለመመርመር ሁለት ሌሎች ምስክሮች እንጠራለን፤ አንዱ ድንጋይ፣ ሌላው ሰዓት።

በዋና ዋና መንገዶቻችን ዳር በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ይቆማል። አንዱ ላይ 12 ካለ ቀጣዩ 13 ወይም 11 ይላል። ከአንዱ እስከ ሌላው 1000 ሜትር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤

አንደኛ፣ ሾፌሩ ፍጥነቱን በመለኪያው 60 ላይ አድርጎ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲያልፉ መቁጠር ይጀምራል፤ ሁለተኛውን ሲያልፉ ያቆማል። የሚቆጠረው በሰዓት ወይም በእጅ ስልክ ነው። ሾፌሩ ግን ፈጽሞ ሰዓት አይይዝም፤ የእርሱ ዓይን መንገዱ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ 3600 ለተቆጠረው ሴኮንድ ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር እውነተኛው ፍጥነት ነው። ለምን 3600? አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ነው፤ አንድ ደቂቃም 60 ሴኮንድ ነው። 60 በ60 ሲባዛ 3600 ይሆናል።

ምሳሌ እንውሰድ። መለኪያው 60 እያለ 66 ሴኮንድ ቢቆጠር፣ 3600 ለ66 ሲካፈል 54 ተኩል ያህል ይሆናል። መለኪያው አብዝቶ ተናግሯል፤ ነገር ግን በደንቡ ውስጥ ነው። 54 ሴኮንድ ብቻ ቢቆጠርስ? 3600 ለ54 ሲካፈል ወደ 67 ገደማ ይሆናል። ይህ አደገኛው ነው። መኪናው ወደ 67 እየበረረ ሾፌሩ «60 ላይ ነኝ» ብሎ ተማምኗል።

ማካፈል ለሚከብዳችሁ እነዚህን በደብተራችሁ ጻፉ፤

በ120 ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር፦ ፍጥነቱ 30።
በ90 ሴኮንድ፦ 40።
በ72 ሴኮንድ፦ 50።
በ60 ሴኮንድ፦ 60።
በ45 ሴኮንድ፦ 80።

አንድ ጊዜ ብቻ ለክታችሁ አትፍረዱ። መንገድ ሲታደስ ድንጋይ ተነቅሎ ወይም ቦታውን ለቆ ሊሆን ይችላል። እጅም ትዘገያለች። ስለዚህ ሦስት ወይም አምስት ኪሎ ሜትር በተከታታይ ለኩ። በአንድ ኪሎ ሜትር የአንድ ሴኮንድ ስሕተት በ60 ላይ አንድ ቁጥር ያዛባል። በአምስት ኪሎ ሜትር ግን ያው ስሕተት ከቁጥር የማይገባ ይሆናል።

የት እንለካ?

የሚለካው ቀጥ ባለና ሜዳ በሆነ መንገድ፣ ሰውና ከብት በማይበዛበት ሰዓት፣ 60 መሄድ በተፈቀደበት ቦታ ነው። በደምቢያ ሜዳና በፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ መንገድ ይገኛል። በገበያ ቀን ግን አይሞከርም። በከተማ ውስጥም አይሆንም።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚያወርደው በሊማሊሞ መንገድ ከቶ አይሞከርም። ያ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል፣ ገደሉን እየፈለፈሉ የሠሩት ነው። ጠመዝማዛ ነው፤ ቁልቁለቱም ረጅም ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ማርሽና ትዕግሥት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁል መልቀቅ ሞትን መጥራት ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በሊማሊሞ ግን የፈሰሰ አይለቀምም።

የእጅ ስልክም ይረዳል። ብዙ ዘመናዊ ስልኮች በሰማይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ተቀብለው ፍጥነትን ያሳያሉ። በገላጣ ሜዳ፣ ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ ሲሄድ፣ ጥሩ ምስክር ናቸው። በገደልና በጥልቅ ሸለቆ ግን ምልክቱ ስለሚጋረድ ይሳሳታሉ። ስልኩንም የሚይዘው ተሳፋሪው ነው።

ስሕተት ብናገኝ ምን እናድርግ?

ባለመኪና ከሆናችሁ መጀመሪያ የጎማውን ቁጥር አንብቡ። በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ፋብሪካው ካዘዘው መጠን ጋር አመሳክሩት። ልዩ ከሆነ ትክክለኛውን ጎማ አስገቡ። ጎማው ትክክል ሆኖ መለኪያው ከተሳሳተ ለመካኒክ አሳዩት። እስኪሠራ ድረስ ልዩነቱን በወረቀት ጽፋችሁ በሾፌሩ ፊት ለጥፉት፤ «60 ሲል 67 ነው» ብላችሁ።

ተሳፋሪ ከሆናችሁ ድንጋዩንና ሰዓቱን ማንበብ ትችላላችሁ። ሾፌሩን በቁጣ አትናገሩት። «ወንድሜ፣ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ 45 ሴኮንድ ቆጠርኩ፤ ይህ 80 ነው። ልጆች አሉንና እባክህ ቀንስልን» ብትሉት ይሰማል። በዕድሜ ከበለጣችሁም «ጋሼ፣ እባክዎ ቀነስ ያድርጉልን» በሉ። በባዶ «ቀስ በል!» ከማለት በቁጥር መናገር ይበልጣል። ሾፌሩም ሊከራከረው አይችልም።

እንግዲህ የዛሬውን ባጭሩ እናስታውስ። መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማው ሲለወጥ መለኪያው ይሳሳታል። አሳንሶ የሚያሳይ መለኪያ አብዝቶ ከሚያሳየው ይልቅ አደገኛ ነው። እውነተኛውን ፍጥነት ለማወቅ 3600 በአንድ ኪሎ ሜትር ለተቆጠረው ሴኮንድ ይካፈላል።

በቡድናችሁ ተወያይታችሁ የምትመልሷቸው ጥያቄዎች፤

1. አንድ አውቶቡስ አንድ ኪሎ ሜትር በ80 ሴኮንድ ቢሄድ ፍጥነቱ ስንት ነው?

2. አንድ ሚኒባስ ከ8ኛው ድንጋይ እስከ 13ኛው ድንጋይ በ300 ሴኮንድ ሄደ። መለኪያው 64 ይል ነበር። መለኪያው አበዛ ወይስ አሳነሰ? በስንት?

3. ጎረቤታችሁ ለመኪናው ከታዘዘው የሚበልጥ ጎማ ሊገዛ ነው። ምን ብላችሁ ትመክሩታላችሁ?